የባሕር ዳር የከተማ ትራንስፖርት፦ ሁሉም አለ፣ መገጣጠሚያው ጎድሏል

ባሕር ዳር ለትራንስፖርት የታደለች ከተማ ናት። መሬቷ ሜዳ ነው። በዘንባባ የተዋቡት ዋና ዋና ጎዳናዎቿ ገና ከጅምሩ ሰፋ ተደርገው የተቀየሱ ናቸው፤ በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ማስተር ፕላን የሠሩላት የጀርመን ባለሙያዎች ነበሩ። ባጃጅ፣ ሚኒባስ ታክሲ፣ የከተማ አውቶቡስ፣ ብስክሌት፣ የጣና ጀልባ፣ አገር አቋራጭ መናኸሪያ፣ አውሮፕላን ማረፊያ፣ ሁሉም በአንድ ከተማ ይገኛሉ። በጎጃም ምድር ይህን ሁሉ አንድ ላይ የያዘ ሌላ ከተማ የለም።

አገልግሎቱ ሲመዘን ግን የሚታየው ተሽከርካሪው ብቻ አይደለም። ከዘንዘልማ ተነስቶ በአዴት መንገድ ወዳለው ጥበበ ግዮን ሆስፒታል ለሕክምና የሚሄድ ሰው ዓባይን ይሻገራል፣ መሃል ከተማ ይወርዳል፣ ሌላ ይይዛል። በወረደ ቁጥር አዲስ ሒሳብ ይከፍላል፣ አዲስ ሰልፍ ይይዛል፣ የሚቀጥለው መቼ እንደሚመጣም አያውቅም። የጉዞ ጥናቶች ደጋግመው እንዳሳዩት ፌርማታ ላይ ቆሞ የሚጠበቅ ደቂቃ ተቀምጦ ከሚጓዙበት ደቂቃ በእጥፍ ገደማ ይከብዳል። የባሕር ዳር ተሳፋሪ የሚደክመው መንገድ ላይ ሳይሆን መቀየሪያው ላይ ነው። የዚህ ግምገማ ነጥብም በዚያው ይለካል።

ከባጃጅ እንጀምር። ከአስፋልት ወጥቶ ኮብልስቶን ለሚይዝ፣ ከ1 እስከ 3 ኪሎ ሜትር ለሚዘልቅ የሰፈር ጉዞ ባጃጅን የሚተካ የለም። ጠባብ ቅያስ ይገባል፣ ነፍሰ ጡርና አረጋዊ ደጃፍ ድረስ ያደርሳል። ለዚህ ሥራው ከአሥር ስምንት ነጥብ ይገባዋል። ችግሩ የሚመጣው ዋናው ጎዳና ላይ የአውቶቡስን ሥራ ሲሠራ ነው። ሒሳቡ ቀላል ነው። በየ10 ደቂቃው አንድ አውቶቡስ ቢወጣና እያንዳንዱ 70 ሰው ቢጭን በሰዓት 420 ሰው በአንድ አቅጣጫ ይሄዳል። ይህንኑ ሰው ለማድረስ 12 ሰው የሚጭን ሚኒባስ 35 ጊዜ፣ ሦስት ሰው የሚጭን ባጃጅ ደግሞ 140 ጊዜ መመላለስ አለበት፤ በየ26 ሴኮንዱ አንድ ባጃጅ ማለት ነው። ባጃጅ 2.6 ሜትር ይረዝማል። እነዚያ 140 ባጃጆች አፍንጫና ጭራ ገጥመው ቢሰለፉ 364 ሜትር ይሞላሉ። ለማነጻጸር፣ በግንቦት 2016 ዓ.ም. የተመረቀው አዲሱ የዓባይ ድልድይ ርዝመቱ 380 ሜትር ነው። ስድስቱ አውቶቡሶች በ12 ሜትር ሒሳብ 72 ሜትር ይበቃቸዋል።

ባለባጃጁን መውቀስ ግን ፍርደ ገምድልነት ነው። ዋናው መንገድ ላይ የሚወጣው፣ ሰው የሚገኘው እዚያ ስለሆነ ነው። መስመር ቆርጦ የሚጭነውም ታሪፉ ስለሚገፋፋው ነው። ለረጅሙ መስመር የሚከፈለው ዋጋ ከሁለት አጫጭር መስመሮች ድምር ካነሰ፣ ሲመለስም ባዶውን የሚመለስ ከሆነ፣ ማንም ሹፌር ግማሽ መንገድ ላይ «መጨረሻ ነው» ማለቱ አይቀርም። ተሳፋሪው ለአንድ ጉዞ ሁለቴ ይከፍላል። ተራ አስከባሪ ቢጨመርም ቅጣት ቢጠነክርም ይህ ለሳምንት እንጂ ለዓመት አይታረምም። የሚታረመው ታሪፉ መነሻ ዋጋና የኪሎ ሜትር ዋጋ ተለይተውለት ሲወጣ፣ የባጃጅ መስመሮችም ከሰፈር ተነስተው የአውቶቡስ ፌርማታ ላይ እንዲያልቁ ሲደረግ ነው። ያኔ ባለባጃጁ አጭር መስመሩን ብዙ ጊዜ ይመላለሳል፤ ገቢው አይጎዳም፣ ዋናው ጎዳናም ይተነፍሳል።

የከተማ አውቶቡሱ ዋጋው ለድሃ የሚሆን ነው፤ ለዚያ ብቻ 5 ነጥብ እንሰጠዋለን። ከዚያ በላይ ያልሰጠነው በቁጥሩ ማነስ ብቻ ሳይሆን ባለመታመኑ ነው። አውቶቡስ የሚታመነው ሰዓቱ ሲታወቅ ነው፤ ሰዓቱ ደግሞ በቁጥር ይሠራል። 10 ኪሎ ሜትር የሚረዝም አንድ መስመር እንውሰድ። አውቶቡሱ ከነማቆሚያው በሰዓት 15 ኪሎ ሜትር ከሄደ 40 ደቂቃ ይፈጅበታል፤ ደርሶ መልስ 80 ነው። በሁለቱም ጫፍ ሹፌሩ አምስት አምስት ደቂቃ ሲያርፍ 90 ይሆናል። በየ10 ደቂቃው እንዲመጣ ከተፈለገ 90ን ለ10 ማካፈል ነው፦ 9 አውቶቡስ። አንድ ለብልሽትና ለሰርቪስ መጠባበቂያ ሲጨመር 10 ይደርሳል።

አሁን እዚያው መስመር ላይ መጨናነቅ ፍጥነቱን ከ15 ወደ 12 ያውርደው። አንዱ ጉዞ 50 ደቂቃ፣ ዙሩ 110 ደቂቃ ይሆናል። ያንኑ አገልግሎት ለመስጠት 11 አውቶቡስ ያስፈልጋል። መጨናነቁ ሁለት አውቶቡስ በላ ማለት ነው፤ ነዳጁ፣ ጎማውና የሹፌሩ ደመወዝ ሳይቆጠር። ለዚህ ነው አዲስ አውቶቡስ ገዝቶ ሪባን ከመቁረጥ በፊት ለአውቶቡስ ብቻ የተለየ መስመር ማስመር የሚቀድመው። ቀለሙና የመለያው ድንጋይ የአንድ አውቶቡስ ዋጋ ላይደርስ ይችላል። ቢያንስ በሥራ መግቢያና መውጫ ሰዓት፣ መጨናነቁ በሚበረታባቸው ጥቂት መቶ ሜትሮች ላይ ብቻ እንኳን ቢደረግ ልዩነቱ ይታያል።

ድልድዩ የተለየ ትኩረት ይፈልጋል። ሰሜኑን ጣና የዘጋው ከተማ የሚያድገው ወደ ሌሎቹ አቅጣጫዎች ነው፤ በምሥራቅ በኩል ደግሞ ዓባይ አለ። ከወንዙ ማዶ ያለው ሰፈር ባደገ ቁጥር ጉዞው ሁሉ በድልድይ አንገት ያልፋል። አዲሱ ድልድይ 43 ሜትር ስፋት አለው፤ ለተሽከርካሪ በእያንዳንዱ አቅጣጫ ሦስት መስመር፣ ለብስክሌትና ለእግረኛም ቦታ ተሰጥቶታል። ለጎጃምና ለበጌምድር መገናኛ የሚገባ ሥራ ነው፤ 9 ነጥብ። የቀረችው አንዷ ነጥብ ለሁለቱ ጫፎች ናት። ሰፊ ድልድይ ጠባብ አደባባይ ላይ ከፈሰሰ መጨናነቁን ቦታ አስለወጠው እንጂ አላጠፋውም። ከሦስቱ መስመር አንዱ ዛሬውኑ ለአውቶቡስ ቢለይ፣ ሕዝቡ ገና ሳይለምደው ስለሆነ ጠብ የለውም። ከአሥር ዓመት በኋላ ለመለየት ሲሞከር ግን ከእያንዳንዱ ባለመኪና ጋር ክርክር ነው።

አደባባዮቹ የሚቆለፉበት ምክንያት አንድ ነው ማለት ይቻላል፦ መውጫው አፍ ላይ የሚቆም ባጃጅና ታክሲ። አንድ ሰው «ወራጅ» ይላል፣ ሹፌሩ እዚያው ይቆማል፣ ከኋላው ያለው መውጣት ያቅተዋል፣ ቀለበቱ ይሞላል፣ ሊገባ የመጣውም ይቆማል። ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። ከእያንዳንዱ መውጫ 30 ሜትር ድረስ መጫንና ማውረድ ቢከለከል፣ ከ30 ሜትሩ ቀጥሎ ደግሞ ጥላ ያለው መቆሚያ ቢሠራ ይፈታል። ክልከላው ብቻውን ሲሆን አይሠራም፤ የሚወርድበት ቦታ ያላገኘ ሰው የትም ይወርዳል።

መቀየሪያው እንዴት ቢሠራ ነው የሚገጥመው? የአውቶቡስ ፌርማታው መስቀለኛ መንገዱን ካለፈ በኋላ ይሁን፤ ቀድሞ ከሆነ አውቶቡሱ የሚታጠፈውን ሁሉ ያግዳል። ሁለት አውቶቡስ እንዲቆምበት 30 ሜትር ጠርዝ ይበቃል። የባጃጁ ተራ ጥግ ታጥፎ የጎን መንገዱ ላይ ይሁን፤ 10 ባጃጅ በ3 ሜትር ሒሳብ ሌላ 30 ሜትር ነው። በሁለቱ መካከል የሚሄደው ሰው ከ50 ሜትር በላይ እንዳይራመድ፣ ዝናብ እንዳይመታው፣ አስፋልት እንዳይሻገር። ጠርዙ ከ15 ሴንቲ ሜትር አይብለጥ፤ ለዊልቼርና ለዕቃ ጋሪ አንድ ሜትር ለመውጣት 12 ሜትር የሚረዝም ተዳፋት ይሰጠው። ታፔላው ላይ የመስመሩ ቁጥር፣ የመጀመሪያውና የመጨረሻው ሰዓት፣ ታሪፉ በትልቅ ፊደል ይጻፍ። ማንበብ ለማይችል የገጠር ሰው ደግሞ መስመሩ በቀለም ይለይ፤ ቀይ፣ ቢጫ፣ አረንጓዴ ማለት ለሁሉም ይገባል። በፌርማታና በፌርማታ መካከል ከ400 እስከ 500 ሜትር ቢሆን ማንም ከአምስት ስድስት ደቂቃ በላይ አይራመድም።

ብስክሌቱ ባሕር ዳር ውስጥ ያለ ማንም ግፊት የኖረ የከተማው ልማድ ነው። ተራራማ ከተማ እንዲህ ያለውን በገንዘብ አይገዛውም። 4 ኪሎ ሜትር በ16 ደቂቃ፣ ያለ ነዳጅ። ቢሆንም መሠረተ ልማቱ 4 ነጥብ ነው የምንሰጠው። የብስክሌት መስመር በተሠራበት ቦታ መኪና ይቆምበታል፣ ሕንፃ የሚሠራ ሰው አሸዋና ጠጠር ይዘረግፍበታል፣ አደባባይ ሲደርስም ይጠፋል። አደጋው ያለው አደባባይ ላይ ነውና እዚያ መጥፋት አልነበረበትም። ሌላው ብዙ ሰው የማያነሳው የፍሳሽ ክዳን ነው። የብረቱ ክፍተት ከጎማው አቅጣጫ ጋር ትይዩ ከሆነ ጎማ ይውጣል፤ ክዳኑ ዞሮ አግድም ቢገጠም ያበቃል። ለማቆሚያም ብዙ አይጠይቅም፦ አንድ መኪና በሚቆምበት ቦታ 10 ብስክሌት ይቆማል። መሬት ላይ የተተከለ የታጠፈ የብረት ቱቦ፣ በመካከላቸው አንድ ሜትር፣ ሰው የሚበዛበት እና ጥበቃ የሚያየው ቦታ። በፌርማታው፣ በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የፔዳና የፖሊ ግቢዎች በር፣ በፈለገ ሕይወት ሆስፒታል፣ በቅዳሜ ገበያ።

ስለ ቅዳሜ ገበያ ካነሳን፣ የከተማውን ጉዞ ማክሰኞና ረቡዕ ብቻ ቆጥሮ ፕላን የሚያወጣ ባለሙያ ባሕር ዳርን አላያትም። ቅዳሜ ከገጠር የሚመጣው ሰው ዶሮና ጤፍ ይዞ ነው፤ አህያም ጋሪም አይሱዙም አለ። ቆጠራው ቢያንስ አንድ የሥራ ቀንና አንድ ቅዳሜ፣ ለ12 ሰዓት፣ በየ15 ደቂቃው መመዝገብ አለበት። የሚቆጠረውም ሰው ነው። አንድ አውቶቡስ ከነ70 ሰው «አንድ»፣ አንድ የቤት መኪና ከነሹፌሩ «አንድ» ተብለው ከተመዘገቡ፣ ውጤቱ ሁልጊዜ ለመኪና መንገድ አስፉ ይላል።

ጀልባው ለዘጌና ለደሴቶቹ ገዳማት ግድ ነው፣ ውብም ነው፤ ወደቡ በር ላይ የሚጠብቅ የከተማ መስመር ቢኖረው ሌላ የሚጠየቅ የለውም። አውሮፕላን ማረፊያውም እንደዚሁ።

መናኸሪያው ግን ረዘም ያለ ቃል ይፈልጋል። ወደ ዳንግላ፣ እንጅባራ፣ ፍኖተ ሰላምና ደብረ ማርቆስ የሚሄደው በአንድ በኩል ይወጣል፤ ወደ አዴትና ሞጣ የሚሄደው በደቡብ፤ ወደ ጎንደርና ደብረ ታቦር የሚሄደው ዓባይን ተሻግሮ። ሁሉም መሃል ከተማ ገብቶ ከወጣ ከባዱ አውቶቡስ ሁሉ የከተማውን ጎዳና ሁለቴ ያቋርጣል። መፍትሔው በየአቅጣጫው ጫፍ መናኸሪያ ማውጣት ነው ይባላል፤ ትክክል ነው። ነገር ግን ቅደም ተከተሉ ከተገለበጠ ጉዳቱ የተሳፋሪው ነው፦ መናኸሪያው ይወጣል፣ የከተማ መስመሩ ግን ይዘገያል፤ ሰውየው ከደብረ ማርቆስ እስከ ባሕር ዳር ከከፈለው ጋር የሚወዳደር ኮንትራት ለመጨረሻዎቹ ጥቂት ኪሎ ሜትሮች ይጠየቃል። የከተማ አውቶቡሱ ስድስት ወር ቀድሞ መሥራት ይጀምር፣ ሰው ይልመደው፣ መናኸሪያው ከዚያ ይውጣ። አገር አቋራጭ የሚነሳው ጎህ ሳይቀድ ነውና የመጀመሪያው የከተማ መስመርም ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተኩል መውጣት አለበት። ሻንጣ የያዘ ሰው በዚያ ሰዓት በእግሩ እንዲሄድ አይፈረድበትም።

የመጨረሻው ጉዳይ ያልተሠራው ሰፈር ነው። መሸንቲ፣ ዘንዘልማ፣ ሰባታሚት አቅጣጫ መሬት በየጊዜው ይሸነሸናል። መንገድ ዛሬ በካርታ ካልተያዘ ነገ በካሳ ነው የሚያዘው። 30 ሜትር ስፋት ይበቃል፦ ለአውቶቡስ ሁለት መስመር በ3.5 ሜትር፣ ለሌላው ተሽከርካሪ ሁለት በ3.25፣ ለብስክሌት በግራና በቀኝ ሁለት ሁለት ሜትር፣ ለእግረኛ ሦስት ሦስት ሜትር፣ የቀረው 6.5 ሜትር ለዛፍና ለፍሳሽ ቦይ። ቦዩን ማሳነስ አይገባም፤ ሜዳ ከተማ ውስጥ የክረምት ውኃ ቶሎ አይሄድም፣ ፌርማታው ኩሬ ከሆነ ደግሞ አውቶቡሱ አስፋልቱ መሃል ይቆማል። አስፋልቱ ሁሉ ዛሬ ላይነጠፍ ይችላል። መሃሉን ጠጠር አልብሶ፣ ዳር ዳሩን ዛፍ ተክሎ፣ የወሰን ድንጋዩን በሠላሳ ሜትሩ ላይ ማኖር ለመነሻ ይበቃል።

አጠቃላይ ነጥብ፦ ከ10፣ 5.5። መጀመሪያ የሚሠራው አንድ መስመር ቢሆን ከዘንዘልማ በድልድዩ አድርጎ በፔዳ፣ በመሃል ከተማ፣ እስከ ጥበበ ግዮን ያለውን እንመርጣለን፤ ተማሪው፣ ታማሚው፣ ገበያተኛውና ሠራተኛው አንድ ላይ የሚገኙበት እሱ ነውና።