የፔዳል ዘንግ ኩባያ ለመግጠም የትኛው መፍቻ ይሻላል?

መርካቶ ወርዳችሁ መፍቻ ከመጠየቃችሁ በፊት ብስክሌታችሁን ከጎን እዩት። ፔዳሉ የሚያዞረው ዘንግ ኩሽኔታ የሚቀመጥበት ኩባያ ጥርሱ ከውስጥ ነው ወይስ ከውጭ? ወይስ ጭራሽ ጥርስ የለውም? ሻጩ «ይሄ ሁሉንም ይፈታል» ካላችሁ አትመኑት። ሁሉንም የሚፈታ የለም።

ጥርሱ ከውስጥ የሆነው በአሮጌ ማውንቴን ብስክሌት ላይ የምናየው ዓይነት ነው። ዘንጉ አራት ማዕዘን፣ የሺማኖ ኩባንያው ጥርስ ደግሞ 20 ነው። ለዚህ የፓርክ ቱል ቢቢቲ-22 ወይም ርካሽ አምሳያው ይበቃል። ብራንድ አያስጨንቃችሁ፣ የጥርሱን ጥራት እዩ። ጥርሱ አጭር ስለሆነ መፍቻው ሸርተት ይላል፤ ሲሸሽም ኩባያውን ይልጠዋል። መሐሉ ክፍት የሆነ መፍቻ ብትመርጡ ፔዳሉን የሚሸከመውን ክንድ ብሎን ከወፍራም ሮንዴላ ጋር አስገብታችሁ ዘንጉ ላይ ማሰር ትችላላችሁ። ያኔ የትም አይሄድም። የክንድ መንቀያ ከሌላችሁ ግን ይህን መፍቻ መግዛት ትርፉ ድካም ነው፤ ኩባያው ጋ አትደርሱም።

ጥርሱ ከውጭ ለሆነው፣ ለምሳሌ ለሺማኖ ሆሎውቴክ 2፣ ሁለት ምርጫ አለ። አንደኛው እጀታ ያለው ቀለበት ነው። ቀላል ነው፣ ሌላ ዕቃም አይፈልግም። ሁለተኛው በክሪኬት፣ ማለትም ወደ አንድ ወገን ብቻ በሚይዝ እጀታ፣ የሚዞር ቡሶላ ነው። እኔ ቡሶላውን እመርጣለሁ፤ ምክንያቱም የማጥበቂያ ኃይል የሚለካ ቁልፍ ይቀበላል። ሺማኖ ለነዚህ ኩባያዎች ከ35 እስከ 50 ኒውተን ሜትር ይላል። በግምት የሚያጠብቅ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ወይ ያላላዋል ወይ ያበዛዋል። ለአንድ ጊዜ ሥራ ከሆነ ግን ቀለበቱ ይበቃል። ከመግዛታችሁ በፊት የኩባያውን የውጭ ስፋት በካሊፐር ለኩት። የተለመደው 44 ሚሊሜትር ነው፤ አዳዲሶቹ ግን 41 ወይም 39 ይሆናሉ፣ የ44ቱም መፍቻ ይዞራል እንጂ አይዝም። የቧንቧ መፍቻ የሚያመጣ ጓደኛ ካላችሁ ሻይ ጋብዙትና መፍቻውን ደብቁበት።

አቅጣጫም አለ። በእንግሊዙ ጥምዝ፣ ማለትም ኩባያው የሚገባበት የፍሬሙ ቤት ስፋት 68 ወይም 73 ሚሊሜትር ሲሆን፣ በሰንሰለቱ በኩል ያለው ኩባያ የሚጠብቀው ወደ ግራ ነው። በ70 ሚሊሜትሩ የጣልያን ጥምዝ ግን ሁለቱም ወደ ቀኝ ይጠብቃሉ። አሮጌ የጣልያን የውድድር ብስክሌት ያላችሁ ይህን ሳታዩ ጉልበት አትጨምሩ።

ጥርስ የሌለው ተገፍቶ የሚገባ ነው። ለእሱ የሚያስፈልገው ማስገቢያ ፕሬስ ነው እንጂ መዶሻ አይደለም። ረጅም ጥምዝ ብረት፣ ሁለት ዳዶና ሰፊ ሮንዴላ ሊተካው ይችላል፤ ሮንዴላው የሚገፋው የኩባያውን ጠርዝ እንጂ የኩሽኔታውን መሐል መሆን የለበትም። ፍሬሙ ካርቦን ከሆነ ግን ፕሬስ ያለው መካኒክ ጋ ውሰዱት።