ከጎጃም ተነሥቶ የአንጎልና የአከርካሪ ቀዶ ሐኪም ለሚፈልግ፦ ባሕር ዳር ወይስ አዲስ አበባ? መንግሥት ወይስ ግል?

«ነርቭ ሐኪም» የሚለው ስም ብዙ ሰው ያሳስታል። ኒውሮሎጂስት የሚጥል በሽታን፣ ስትሮክንና ራስ ምታትን በመድኃኒት ያክማል እንጂ ቀዶ ሕክምና አይሠራም። ቀዶ ሕክምናው የኒውሮሰርጀን ሥራ ነው። ካርድ ስታወጡ ይህን ካልለያችሁ ወር የጠበቃችሁት ቀጠሮ ባዶ ይቀራል።

ጭንቅላቱን የተመታ ሰው ካላችሁ ማማረጥ የለም። ራሱን ስቶ ነቅቶ፣ አውርቶ፣ ከዚያ እንቅልፍ እንቅልፍ ካለው፣ ካስመለሰው ወይም የአንድ ዓይኑ ብሌን ከሰፋ፣ በራስ ቅሉና በአንጎሉ ሽፋን መካከል ደም እየተጠራቀመ ሊሆን ይችላል። የሚቀረው ጊዜ በሰዓታት የሚቆጠር ነው። ከዳንግላ፣ ከእንጅባራ ወይም ከፍኖተ ሰላም ከሆነ «አዲስ አበባ ይሻላል» ብሎ የዓባይን በረሃ ማቋረጥ ሕይወት ያስከፍላል። ወደ ባሕር ዳር ሪፈራል ሆስፒታሎች፣ ፈለገ ሕይወት ወይም ጥበበ ግዮን፣ ይወሰድ። ደብረ ማርቆስ ግን መሀል ናት፦ ወደ አዲስ አበባ 300፣ ወደ ባሕር ዳር 265 ኪሎ ሜትር ገደማ። እዚያ መጀመሪያ ሆስፒታሉ ያረጋጋው፤ ከዚያ የሚልከው ሐኪም ራሱ ደውሎ ተረኛ ኒውሮሰርጀንና የጽኑ ሕሙማን አልጋ መኖሩን ያረጋግጥ። ሳይደወል የተላከ በሽተኛ ከበር ሊመለስ ይችላል።

የሚታገሥ ሕመም ሲሆን ነው ንጽጽሩ ትርጉም የሚኖረው። ጥቁር አንበሳ ከ1998 ዓ.ም. ጀምሮ ኒውሮሰርጀኖችን ያሠለጥናል፤ ለከባድ የአንጎል ዕጢ ልምዱ ያለው እንዲህ ባለ ቦታ ነው። ዋጋውም ከግል በእጅጉ ይቀንሳል። ወረፋው ግን ረጅም ስለሆነ የአስታማሚን ማደሪያና ምግብ አብራችሁ አስሉ። የግል ሆስፒታል ቶሎ ይሠራል። ሆኖም ፕሮፎርማ ስትጠይቁ የቀዶ ሕክምናው ዋጋ ብቻ እንዳይጻፍላችሁ፤ ማደንዘዣ፣ ደም፣ አጥንት የሚያያዝበት ብሎንና የቀን የጽኑ ሕሙማን ክፍያ ለየብቻ ይቀመጥ። ቤተሰብን ዕዳ ውስጥ የሚከተው አብዛኛውን ጊዜ የመጨረሻው ነው።

የማኅበረሰብ ጤና መድን ያለው ሰው በዋናነት የሚታከመው ውል ባላቸው የመንግሥት ተቋማት ነው። ከጤና ጣቢያ ተነሥቶ ማኅተም ያለው የሪፈር ወረቀት ይዞ ደረጃ በደረጃ ይሄዳል፤ ድንገተኛ ካልሆነ በስተቀር ዘሎ የሄደ ከኪሱ ይከፍላል። ከመነሣታችሁ በፊት ሁለት ነገር እዩ፦ የመድን ደብተሩ ለዘንድሮ መታደሱን፣ የወረዳችሁ መድን ከምትሄዱበት ሆስፒታል ጋር ውል እንዳለው። የመሥሪያ ቤት መድን ያላችሁ ደግሞ ሆስፒታሉ «እንቀበላለን» ማለቱ አይበቃም። የመድን ኩባንያውን የዋስትና ደብዳቤ ከነክፍያ ጣሪያው በእጃችሁ ያዙ።

ስለ ሐኪሙ ማስረጃ መጠየቅ ነውር አይደለም። ዶክተር መባል ብቻውን ኒውሮሰርጀን አያደርግም። የሙያ ፈቃዱ ላይ የስፔሻሊቲው ስም መጻፉንና ዘመኑ አለማለፉን ተመልከቱ። ከወረቀቱ በላይ የሚጠቅመው ግን «ይህን ዓይነት ቀዶ ሕክምና ባለፈው ዓመት ስንት ሠሩ?» ማለት ነው። ለወገብ ዲስክ ደግሞ «ባይሠራስ?» በሉ፤ አብዛኛው በስድስት ሳምንት ያለ ቀዶ ሕክምና ይሻለዋል። ሽንት የከለከለው ወይም መቀመጫው የደነዘዘ ግን በዚያው ዕለት ሆስፒታል ይግባ።

ጭንቅላቱ ውስጥ ውኃ የተጠራቀመበት ሕፃን ላይ ሚዛኑ ይገለበጣል። አዲስ አበባ ዘውዲቱ ሆስፒታል በዚህ ሥራ የታወቀ ነው፤ ነገር ግን ውኃውን ለማፍሰስ የሚገባለት ቱቦ ሊዘጋ ወይም ኢንፌክሽን ሊይዘው ይችላል። ልጁ ካስመለሰው፣ ካተኮሰው ወይም እርግብግቢቱ ካበጠ በዚያው ቀን ቱቦውን የሚያይ ሐኪም ያስፈልገዋል። ስለዚህ ለባሕር ዳር ቅርብ የሆነች እናት፣ እዚያ የሚሠራ ሐኪም ካገኘች፣ እዚያው ብታሠራለት ይሻላል፤ ሩቅ ካሠራች ደግሞ ከመውጣቷ በፊት የቀዶ ሕክምናውን ማጠቃለያ ወረቀትና የምስሉን ሲዲ ትያዝ።