ሐምፒ የምትሄዱ ሁሉ፣ ይህን የባጃጅ ሹፌር ፈልጉት

በቃል አመስግኜዋለሁ፤ ግን አልበቃኝም። እናቴ ባንጋሎር የጉልበት ቀዶ ሕክምና አድርጋ፣ ሐኪሞቹ ቀስ እያለች እንድትንቀሳቀስ ከፈቀዱላት በኋላ፣ አገር ቤት ሳንመለስ በደቡብ ሕንድ ያለችውን ጥንታዊት የፍርስራሽ ከተማ፣ ሐምፒን፣ ላሳያት ፈለግሁ። የጎንደር ልጅ ናት፤ የነገሥታት ግንብ ትወዳለች።

መጀመሪያ የጉዞ ወኪል ነበር ያገኘሁት። ሙሉ ክፍያውን አስቀድሞ ተቀበለን። የመደበልን አስጎብኚ ከፍርስራሹ ይልቅ የዕቃ መሸጫ ሱቆችን አስጎበኘን። እናቴ ደረጃ ላይ ስትዘገይ ሰዓቱን እያየ ይተነፍሳል። ቀትር ላይ «አለቀ» ብሎ ሆቴል ጣለን። ያን ማታ እናቴ «ሸክም ሆንኩብሽ» ብላ አለቀሰች። ይህን አልረሳውም።

በማግስቱ ለሐምፒ ቅርብ በሆነችው በሆስፔት ከተማ ከሆቴላችን በር ላይ ያገኘነው የባጃጅ ሹፌር ግን ሌላ ሰው ነው። እናቴን «አማ» ይላታል፤ በአካባቢው ቋንቋ እናት ማለት ነው። ከእኛ «እማ» ጋር ስለሚቀራረብ ወዲያው ወደደችው።

ቪሩፓክሻ ቤተ መቅደስ ስንደርስ ጫማ ማውለቅ ግድ ነው። ጫማ ማውለቅስ ለእኛም አዲስ አይደለም፤ ግን የግቢው ድንጋይ እንደ ምጣድ ግሎ ነበር። ሹፌሩ ከመቀመጫው ሥር ታጥቦ የተጣጠፈ ወፍራም ካልሲ አወጣ። ተንበርክኮም፣ የታመመውን እግሯን በመዳፉ ደግፎ፣ አንድ በአንድ አጠለቀላት። እናቴ «እግርህን እንቅፋት አይንካው ልጄ» አለችው። ቃሉን አላወቀውም፤ ምርቃት መሆኑን ግን ገብቶታል፤ አንገቱን ደፋ።

ውስጥ አንድ ጨለማ ክፍል አለ። ባለ ዘጠኝ እርከኑ የመግቢያ ማማ ጥላ ግድግዳው ላይ ተገልብጦ ይታያል። ብርሃን በትንሽ ቀዳዳ ሲገባ እንዴት እንደሚሆን አስረዳኝ፤ እኔ አልገባኝም፤ እናቴ ግን አማተበች።

ከዚያ በድንጋይ የተሠራውን ሠረገላ አየን፤ ከኪሱ 50 ሩፒ አውጥቶ ሥዕሉን ከሠረገላው ጋር አስተያየን። የንግሥቲቱን መታጠቢያ፣ አስራ አንድ ክፍል ያለውን የዝሆኖች ቤትም አሳየን። እናቴ «ዝሆኑ እዚህ ካደረ ንጉሡ የት ያድር ነበር?» አለች። ንጉሡ ያድርበት የነበረው ቤተ መንግሥት ዛሬ የድንጋይ መሠረቱ ብቻ ቀርቷል። እ.ኤ.አ. በ1565 ሐምፒ ዋና ከተማው የነበረችው የቪጃያናጋር መንግሥት ሠራዊት ተሸንፎ ከተማዋ ተዘርፋለች። ሹፌሩ ይህን ሲነግረን ድምፁ ዝቅ አለ፤ የራሱን ቤት ቃጠሎ የሚያወራ ይመስል ነበር።

ፍርስራሹ ከ4,000 ሄክታር በላይ ስለሆነ በእግር አትሞክሩት፤ ወላጅ ይዛችሁ ከሆነማ ፈጽሞ። እባካችሁ እርሱን ያዙ። አያጣድፍም፣ ሱቅ አያስገባም፣ የተስማማበትን ዋጋ አይለውጥም። ስልኩን በውስጥ መስመር ጠይቁኝ፤ አስፈቅጄዋለሁ።

ካልሲውን ልንመልስለት ብንል እምቢ አለ። እናቴ ጎንደር ይዛው ገብታ፣ አጥባ ከነጠላዋ ጋር አስቀምጣዋለች።