ለፒቪሲ መስኮት ከባድ መጋረጃ፦ ግድግዳ፣ ኮርኒስ ወይስ ፍሬሙ ላይ ይሰቀል?

አዲስ የፒቪሲ መስኮት ካስገባችሁ በኋላ የሚመጣው ጥያቄ የመጋረጃው ነው። ስስ መጋረጃ ብዙ አያስጨንቅም። ከባድ ቬልቬት ወይም ብርሃን የማያሳልፍ ባለ ገበር መጋረጃ ከሆነ ግን፣ ምን ላይ እንደሚሰቀል ጨርቁን ከመግዛታችሁ በፊት ወስኑ።

ገበያ ላይ የምታገኙት መስቀያ በአራት ይከፈላል። ግድግዳ ላይ በድጋፍ የሚታሰር ዘንግ አለ። ኮርኒስ ላይ የሚታሰር ሐዲድ አለ። በመስኮቱ ግራና ቀኝ ግድግዳ መካከል ተወጥሮ ያለ ቪስ የሚቆም ዘንግ አለ። ፍሬሙ ላይ የሚለጠፍ ወይም የሚሰካ ማንጠልጠያም አለ።

ለመምረጥ መጀመሪያ ክብደቱን አስሉ። መስኮታችሁ 2 ሜትር ስፋት አለው እንበል። መጋረጃው ጥሩ እጥፋት እንዲኖረው የስፋቱ እጥፍ ጨርቅ ያስፈልጋል፤ 4 ሜትር ማለት ነው። ቁመቱ 2.5 ሜትር ከሆነ 10 ካሬ ሜትር ጨርቅ ይሆናል። በካሬ ሜትር 400 ግራም የሚመዝን ጨርቅ ብቻውን 4 ኪሎ ይመዝናል። 250 ግራም የሚመዝን ገበር ሲጨመርበት 6 ኪሎ ተኩል ይሞላል። የብረቱ ዘንግና ቀለበቶቹ ሲደመሩ ደግሞ ወደ 8 ኪሎ ይጠጋል። ይህ ዝም ብሎ ሲንጠለጠል ነው። መጋረጃው በየቀኑ ይሳባል፤ ልጅ ያለበት ቤት ደግሞ አንድ ቀን ሳይጎተት አይቀርም።

ስለዚህ ፍሬሙ ላይ የሚለጠፈውን በቶሎ ከዝርዝሩ አውጡት። ለስስ መጋረጃ ምቹ ነው፤ ግድግዳ አይበሳም፣ ሲፈለግ ይነሳል። 8 ኪሎ ግን አይችልም። ማጣበቂያው ፀሐይ ሲመታው ይለሰልሳል፤ ፒቪሲውም ሲሞቅ ይሰፋል፣ ሲቀዘቅዝ ይኮማተራል።

«ታዲያ ፍሬሙን በድሪል በስተን በቪስ እንሰር» የሚል ባለሙያ ካጋጠማችሁ እንቢ በሉ። የፒቪሲ ፍሬም ውስጡ በክፍልፋይ የተሠራ ባዶ ነው። የፕላስቲኩ ውፍረት ብዙውን ጊዜ ከ2 እስከ 3 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። ቪሱ ፍሬሙ ውስጥ የሚገባውን የማጠናከሪያ ብረት ካላገኘ ጥቂት ሚሊ ሜትር ፕላስቲክ ብቻ ነክሶ ይቀራል። ቀዳዳው ደግሞ ውሃ እንዲወጣና ብርድ እንዳይገባ የተሠሩትን ክፍሎች ያበላሻል። ብዙ አምራቾች ፍሬሙ ከተበሳ ዋስትናውን ይሰርዛሉ። በሚከፈተው ክፍል ላይ ማሰር ከዚህም የባሰ ነው፤ ክብደቱ ማጠፊያው ላይ ያርፍና መስኮቱ ዘምሞ በደንብ መዝጋት ያቅተዋል።

ተወጥሮ የሚቆመው ዘንግም ለስስ ጨርቅ ነው። የሚይዘው ግፊት ብቻ ስለሆነ ከባድ መጋረጃ ሲሳብ ይንሸራተታል። አጥብቀን እንወጥረው ካላችሁ አዲሱ ልስን ይሰነጠቃል።

የቀሩት ሁለቱ ናቸው፤ እውነተኛው ምርጫም በእነሱ መካከል ነው።

ለአብዛኛው ቤት የኔ ምርጫ የግድግዳው ዘንግ ነው። ከመስኮቱ በላይ ብዙ ጊዜ የኮንክሪት ተሸካሚ አለ፤ ከዚያ የተሻለ መያዣ የለም። ድሪሉ የመዶሻ ምት ያለው መሆን አለበት፤ አለበለዚያ ፑንታው (የድሪሉ መብሻ ጫፍ) ይቃጠላል እንጂ አይገባም። ባለ 8 ሚሊ ሜትር ፊሸር (ቀዳዳው ውስጥ ገብቶ ቪሱን የሚይዝ ፕላስቲክ) እና ከ5 እስከ 6 ሴንቲ ሜትር የሚረዝም ቪስ ተጠቀሙ። ልስኑ ራሱ 2 ሴንቲ ሜትር ሊሆን ይችላል፤ ልስን ደግሞ ክብደት አይሸከምም። ቪሱ አጭር ከሆነ መጋረጃችሁን የያዘው ልስኑ ብቻ ነው። ቦታው ብሎኬት ከሆነ የድሪሉን ምት አጥፉና በቀስታ ብሱ፤ ለባዶ ብሎኬት የተሠራ ፊሸርም ጠይቁ።

አንድ ነገር በተለይ አደራ። ከፍሬሙ ጠርዝ ቢያንስ 10 ሴንቲ ሜትር ወደ ላይ ራቁ። ፍሬሙ ዙሪያ ያለው ፎምና አዲስ ልስን ነው፤ እዚያ የገባ ፊሸር ጠርዙን ይዞ ይወድቃል። ልስኑ ገና እርጥብ ከሆነ እስኪደርቅ ታገሱ።

ድጋፎቹን ስትገዙ ርዝመታቸውን እዩ። ዘንጉ ከግድግዳው በራቀ ቁጥር የላይኛው ቪስ ላይ ያለው ጉተታ ይጨምራል። የመስኮቱ እጀታ መጋረጃውን እስካልነካው ድረስ አጭሩ ይሻላል። ከ1.2 ሜትር በላይ ለሚረዝም ዘንግ መሃል ላይ ተጨማሪ ድጋፍ አስገቡ። ዘንጉ ከመስኮቱ ግራና ቀኝ 20 ሴንቲ ሜትር ያህል ይለፍ፤ መጋረጃው ሲከፈት መስታወቱን ለቆ ይቆማል።

የኮርኒስ ሐዲድ የሚያሸንፈው ከመስኮቱ በላይ ቦታ ሲጠፋ ነው። መስኮቱ ወደ ውስጥ የሚከፈት ወይም ከላይ የሚዘነብል ከሆነ፣ ዝቅ ብሎ የታሰረ የግድግዳ ዘንግ መንገዱን ይዘጋበታል። ሐዲዱን ግን ከግድግዳው አርቃችሁ ማሰር ትችላላችሁ። ክብደቱም በብዙ ቪሶች ላይ ይከፋፈላል፤ ረጅም መጋረጃም ሲሳብ አይያዝም። ኮርኒሱ ኮንክሪት ከሆነ ሳታመነቱ ውሰዱት። ጂፕሰም ቦርድ ከሆነ ግን ቪሶቹ ከቦርዱ ጀርባ ያለውን ብረት ወይም እንጨት ማግኘት አለባቸው። ብረቱን ካላገኛችሁት ወደ ግድግዳው ተመለሱ፤ ቦርዱ ብቻውን ከባድ መጋረጃ ለዓመታት አይዝም።

ተንሸራታች መስኮት ያላችሁ በዚህ አትቸገሩም፤ መስኮቱ ወደ ውስጥ ስለማይገባ የግድግዳው ዘንግ ይበቃችኋል።

ግዢውንም በቅደም ተከተል አድርጉት። መስኮቱን እስከ መጨረሻው ከፍታችሁ ምን ያህል ቦታ እንደሚፈልግ በሜትር ለኩ። ከዚያ ዘንጉን ወይም ሐዲዱን ገዝታችሁ በውሃ ልክ አስተካክላችሁ እሰሩ። ጨርቁን ለሰፊ የምትሰጡት ከዚያ በኋላ ነው፤ ቁመቱን ከቀለበቱ እስከ ወለሉ ለክታችሁ 1 ሴንቲ ሜትር ቀንሱለት።