የፕላንክተን ዛጎል ስላይዶች፦ ለዓይን ጥሩ፣ በጽሑፍ ጎዶሎ

ተዘጋጅተው የሚሸጡ የማይክሮስኮፕ ስላይዶችን ለሚወዱ ይህን አስተያየት ጽፌያለሁ። ጥቅሉ ሦስት ስላይድ ይዟል፤ ራዲዮላሪያ፣ ዳያተምና ፎራሚኒፌራ። ሦስቱም በባሕር ውሃ ላይ የሚንሳፈፉ ወይም በወለሉ የሚኖሩ ባለ አንድ ሕዋስ ፍጥረታት የተዉት ዛጎል ነው።

ራዲዮላሪያውን ለማየት አትቸኩሉ። ብዙ ሰው ወዲያው አርባ እጥፍ ወደሚያጎላው ሌንስ ይሮጣል፤ አሥር እጥፉ ይበቃል። ከኮንደንሰሩ (ከስላይዱ በታች ካለው ብርሃን ሰብሳቢ ሌንስ) ሥር መሀል ለመሀል ክብ ጥቁር ወረቀት አድርጉና ብርሃኑ በዳር በዳር ብቻ ይለፍ። ያን ጊዜ መደቡ ይጠቁራል፣ ዛጎሎቹ ግን ያበራሉ። ሾጣጣው፣ ድቡልቡሉ፣ እሾሃሙ ሁሉ ከሲሊካ፣ መስታወት ከሚሠራበት ማዕድን፣ የተሠራ ዳንቴል ነው። ቀዳዳዎቹ በመስመር ተደርድረዋል፤ አንዳንዱ ውስጥ ደግሞ ሌላ ትንሽ ድቡልቡል ተቀምጧል። ማስተካከያውን ቀስ እያላችሁ ስታዞሩ የውጭው ይደበዝዝና የውስጡ ይጠራል። ለእኔ ጥቅሉ የሚገዛው ለዚህ አንድ ስላይድ ነው። አዘጋጁም እጁ የተባረከ ነው፤ አሸዋና ስባሪ አላበዛበትም።

ዳያተሙ አላስደሰተኝም። ናሙናውን የለጠፉት በካናዳ በለሳን፣ ከዛፍ በሚገኝ ግልጽ ሙጫ፣ ነው። በለሳን ብርሃንን የሚሰብርበት መጠን ከዳያተም ሲሊካ ብዙም ስለማይርቅ፣ በዛጎሉ ላይ ያለው ቀጫጭን መስመር በሙጫው ውስጥ ሊጠፋ ይደርሳል። የራዲዮላሪያ ግድግዳ ወፍራም ስለሆነ ይችለዋል፤ ዳያተም ግን ብርሃንን ይበልጥ የሚሰብር ማጣበቂያ ይፈልጋል። ፕሊውሮሲግማ የተባለው የዳያተም ወገን በ19ኛው ክፍለ ዘመን የሌንስ ጥራት መፈተኛ የነበረው እኮ በእነዚያ መስመሮች ነው! ፎራሚኒፌራው ደህና ነው። የኖራ ዛጎሉ ብርሃን ስለማያሳልፍ ከላይ በባትሪ አብሩበት።

የከነከነኝ መለያ ጽሑፉ ነው። በራዲዮላሪያው ላይ «ባርባዶስ» ይላል፣ በቃ፤ ዛጎሎቹ ከአፈር የሚወጡባት የካሪቢያን ደሴት ናት። የትኛው ኮረብታ? የትኛው የአፈር ንብርብር? ማን፣ መቼ አነሳው? ሻጩን ብጠይቅ የመጣልኝ መልስ ያው «ባርባዶስ» ሆነ።

የባርባዶስ አፈር ግን ታሪክ ያለው አፈር ነው። በ1840ዎቹ አሳሹ ሮበርት ሾምቡርክ ከደሴቲቱ ናሙና ወደ በርሊን ላከ፤ የተፈጥሮ ተመራማሪው ክርስቲያን ኤረንበርግም ከዚያ ውስጥ በመቶ የሚቆጠሩ የራዲዮላሪያ ዝርያዎችን ለየ። ኤረንበርግ ለእኛ አካባቢም እንግዳ አይደለም። ከ1820 ጀምሮ ከጓደኛው ከሄምፕሪክ ጋር ግብፅንና ቀይ ባሕርን ሲያስስ ቆይቷል፤ ሄምፕሪክ በ1825 ምጽዋ ላይ ሞቶ ቀረ። የኤረንበርግ ስብስብ ዛሬም በበርሊኑ የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም አለ፣ ተመራማሪዎችም ይመለሱበታል። ከ1872 እስከ 1876 ባሕርን ለማጥናት በተጓዘችው በእንግሊዟ ቻሌንጀር መርከብም እያንዳንዱ የባሕር ወለል ደለል የተነሳበት ጣቢያና ጥልቀት ይመዘገብ ነበር። ጀርመናዊው የሥነ ሕይወት ሊቅ ኧርነስት ሄከል በ1887 ከዚያ ጉዞ ከ3,500 የሚበልጡ አዳዲስ የራዲዮላሪያ ዝርያዎችን ሲያሳትም የትኛው ከየት እንደወጣ መናገር የቻለው በዚያ መዝገብ ነው።

እርግጥ የድሮዎቹም መዝገብ ሙሉ አይደለም። ሾምቡርክ ናሙናውን ሲልክ ባርባዶስ የእንግሊዝ ቅኝ ግዛትና የሸንኮራ እርሻ ደሴት ነበረች፤ ባርነት በሕግ ከተሻረ ገና ጥቂት ዓመት ነበር። በዚያ ዘመን ስብስቦች ላይ የሊቁ ስም በዝርያው ስም ሳይቀር ይኖራል፤ የቆፈረውና የተሸከመው ሰው ስም ግን እምብዛም አይገኝም። የዛሬ ሻጭ ደግሞ ይባስ ብሎ ሁሉንም ስም ይተዋል።

እንግዲህ ለመደነቅ ከሆነ ግዙት፤ ለልጆችም እጅግ ጥሩ ነው። ዝርያ ለመለየት ወይም ከሌላ ቦታ ናሙና ጋር ለማነጻጸር የምትፈልጉ ግን ገንዘባችሁን ያዙ፤ ቦታና ንብርብር የተጻፈበት አንድ ስላይድ ከዚህ ጥቅል ይበልጣል። ከገዛችሁ ደግሞ አንድ ነገር፦ ማስቀመጫ ሣጥኑ ስላይዶቹን በጎናቸው ያቆማል። በለሳን ጨርሶ ለመድረቅ ረጅም ጊዜ ስለሚወስድ ናሙናው ወደ አንድ ወገን ሊንሸራተት ይችላልና ስላይዶቹ ጠፍጣፋ እንዲተኙ ሣጥኑን አጋድማችሁ አስቀምጡት።