ደመወዝ ወይስ ፍሪላንስ? ሐዋሳ ላይ ሆኖ ለሚያመነታ

ሰሞኑን አቶቴ አካባቢ ቡና እየጠጣን አንድ የድሮ የክፍል ጓደኛዬ «ሥራዬን ልለቅ ነው፤ በግሌ ዲዛይን ልሥራ፤ ምን ትያለሽ?» አለኝ። እኔ ሁለቱንም ቀምሻለሁ። አራት ዓመት ተቀጥሬ፣ ሦስት ዓመት ደግሞ ባነር፣ ሎጎና የምግብ ሜኑ በፍሪላንስ፣ ማለትም ሳልቀጠር በግሌ፣ እየሠራሁ። ለእሱ ያልኩትን እዚህም ላስፍረው።

ከገንዘቡ ልጀምር፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚያ ነውና። የተቀጣሪ 12,000 ብርና የፍሪላንሰር 12,000 ብር እኩል አይደሉም። የግል ድርጅት ተቀጣሪ 7 በመቶ ለጡረታ ሲቆረጥበት፣ አሠሪው ከራሱ 11 በመቶ ይጨምርለታል። በ12,000 ብር ደመወዝ የአሠሪው ድርሻ በወር 1,320 ብር ነው። ሰውየው አያየውም እንጂ የራሱ ነው። ፍሪላንሰሩ ይህ የለውም። ላፕቶፑ ሲበላሽ፣ ዳታ ሲያልቅ፣ መብራት ሲጠፋ ቻርጅ ለማድረግ ካፌ ገብቶ የሚያዘው ማኪያቶ እንኳ ከራሱ ኪስ ነው።

ሕመምም አለ። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 መሠረት የታመመ ሠራተኛ የመጀመሪያውን ወር ሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዮቹን ሁለት ወራት ግማሹን ያገኛል። የዓመት ፈቃድም በመጀመሪያው ዓመት 16 የሥራ ቀን አለው። እኔ ዓምና ታይፎይድ ይዞኝ ሁለት ሳምንት ተኛሁ። ደንበኞቼ «እግዜር ይማርሽ» ብለው ሌላ ዲዛይነር ጋ ሄዱ። አልፈርድባቸውም፤ የሠርግ ካርድ ሰው እስኪድን አይጠብቅም።

ወቅቱስ? የሲዳማ ዘመን መለወጫ ፊቼ ጫምባላላ ሲቃረብ ስልኬ አያርፍም። ለሐምሌ ገብርኤል ከተማው በእንግዳ ሲጥለቀለቅ ሆቴሎች ባነር ይፈልጋሉ። ጥር የሠርግ ነው። ከዚያ ዐቢይ ጾም ይገባል፤ ሠርግ የለም፣ ካርድም የለም። እኔም አብሬ እጾማለሁ፣ ብሩንም ጭምር። ደመወዝ ግን ጾም አያውቅም።

አሁን ወደ ዋናው ጣጣ፦ ብር መሰብሰብ። ሐይቁ አካባቢ ላለ አንድ ምግብ ቤት በ3,000 ብር ሜኑ ተስማማሁ። ዲዛይኑ ሁለት ቀን ፈጀ። ከዚያ ባለቤቱ «ልጄ፣ ይቺ ቆሮሶ ዓሣ ከስታለች፤ ትንሽ ትወፍር» አሉኝ። አወፈርኳት። «አሁን ደግሞ ሎሚው አይታይም።» አሳየሁት። ዘጠኝ ጊዜ ተመላለስኩ። በመጨረሻ «በጣም ቆንጆ ነው! ሳምንት ብቅ በይ» አሉ። ብቅ ባልኩ ቁጥር «ቁጭ በይ፣ ሳትበዪማ አትሄጂም» ይሉኛል። ዓሣውን በላሁ፤ ብሩን ግን አላየሁም። በአራተኛው ወር ግማሹ በቴሌብር ገባ። ሌላው ግማሽ አሁንም እዚያው ሐይቅ ዳር ነው። ከዚያ ወዲህ ግማሽ ቀብድ ሳልቀበል ላፕቶፕ አልከፍትም።

«እሺ፣ ለውጭ ደንበኛስ?» አለኝ ጓደኛዬ። የውጩ ሥራ የመሰብሰብ ጣጣው ያንሳል፤ እንደ ፋይቨርና አፕወርክ ባሉ ሠሪና ደንበኛ በኢንተርኔት በሚገናኙባቸው መድረኮች ደንበኛው ገንዘቡን አስቀድሞ ያስይዛልና። ግን ፋይቨር ከእያንዳንዱ ሥራ 20 በመቶ ይወስዳል፤ 50 ዶላር ብለህ 40 ነው የሚደርስህ። አፕወርክ ላይ ለሥራ ለማመልከት ራሱ «ኮኔክት» የሚባል የማመልከቻ ነጥብ መግዛት አለ። የኢንተርኔት መክፈያው ፔይፓል እዚህ ገንዘብ ለመቀበል አይሆንም፤ ሌላ መንገድ ቀድመህ ማመቻቸት አለብህ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲተመን ከተወሰነ ወዲህ በዶላር የሚያገኝ ሰው ሲመነዝር ከድሮው የበለጠ ብር ያገኛል፤ ይሄን አልክድም። እኔ የመጀመሪያዋን ሥራ እስካገኝ ግን ሁለት ወር በከንቱ አመልክቻለሁ። ደንበኛው አሜሪካ ከሆነ ደግሞ ሌሊቱም የሥራ ሰዓት ነው።

ጥሩ ጎኑን ልደብቅ አልፈልግም። ጠዋት ሐይቁ ዳር ወዳለው የዓሣ ገበያ፣ አሞራ ገደል፣ ወርጄ የዓሣ ሾርባ ጠጥቼ በአራት ሰዓት ሥራ እጀምራለሁ። እናቴ ሐኪም ቤት ስትገባ ማንንም ሳላስፈቅድ አብሬያት አድሬያለሁ። በሦስት ዓመት የተማርኩትን፣ በተለይ ዋጋ መናገርን፣ በቢሮ አሥር ዓመት አልማረውም ነበር። በጥሩ ወር ከድሮ ደመወዜ እጥፍ ያገኘሁበት ጊዜም አለ።

ሌላው ቶሎ የማይታሰብ ነገር፣ ደመወዝ ማስረጃ መሆኑ ነው። አከራይ የመጀመሪያ ጥያቄዋ «የት ነው የምትሠሪው?» ነው። የእቁብ ዳኛውም «ደመወዝሽ በስንት ይገባል?» ይላል። ባንክ ለብድር ከመሥሪያ ቤት ደብዳቤ አምጪ ይላል። «ፍሪላንሰር ነኝ» ስል የሚያዩኝ ሥራ ፈት እንደሆነ ሰው ነው። ደህና የሚከፍሉት ድርጅቶችም ደረሰኝና የግብር ከፋይ መለያ (ቲን) ቁጥር ይጠይቃሉ፤ ንግድ ፈቃድ ከሌለህ ሥራው በአጠገብህ ያልፋል።

ስለዚህ ለማን ምን? የቤት ኪራይም ልጅም ያለበት ሰው ቅጥሩን ይያዝ፤ ፍሪላንሱን ማታና ቅዳሜ ይሞክረው። ቢያንስ አንድ ዐቢይ ጾም ይለፍበት። ቤተሰብ ጋ የሚኖር፣ የአራት አምስት ወር ወጪ ያስቀመጠ፣ «አይሆንም፣ ዋጋዬ ይሄ ነው» ማለት የማያፍር ከሆነ ይግባበት። ገንዘብ መጠየቅ የሚያሳፍረው ሰው ግን ዲዛይኑ የቱንም ያህል ቢያምር ይቅርበት።

ጓደኛዬ ሁለት ልጆች አሉት። ቡናውን ጨርሶ ትንሽ አሰበና «በቃ ማታ ማታ እሞክራለሁ። እንዲያውም ለራሴ ሎጎ ያስፈልገኛል፤ አንቺ ትሠሪልኛለሽ፤ ለጓደኛ ስንት ነው?» አለኝ።

«ግማሽ ቀብድ» አልኩት።