ከስታርትአፕ ስትለቁ ኦፕሽናችሁን በድንጋጤ አትግዙ

አሜሪካ ውስጥ ስታርትአፕ የምትሠሩ ወገኖች፣ በተለይ ሰሞኑን ሌይኦፍ የደረሳችሁ፣ ቼክ ከመጻፋችሁ በፊት ይህችን አንብቡልኝ።

ስትሰናበቱ ከሚሰጧችሁ ወረቀቶች አንዱ፣ ቬስት ያደረገውን (በሠራችሁበት ጊዜ ልክ የእናንተ የሆነውን) ስቶክ ኦፕሽናችሁን፣ ማለትም የኩባንያውን አክሲዮን አስቀድሞ በተቆረጠ ዋጋ የመግዛት መብታችሁን፣ አብዛኛውን ጊዜ በ90 ቀን ውስጥ በውሉ ዋጋ ካልገዛችሁ ይቃጠላል ይላል። ብዙ ሰው የሚደነግጠው እዚህ ላይ ነው። ስንት ዓመት የለፋሁበት ሜዳ ሊቀር ነው ብሎ ቁጠባውን፣ የእቁብ ብሩን፣ አንዳንዴም ከዘመድ የተበደረውን ያስገባል። ከኋላ ታክስ እንደሚከተል ግን ኤችአር አይነግረውም።

በቁጥር እንየው። 20,000 ኦፕሽን በ1 ዶላር ብትገዙ 20,000 ዶላር ትከፍላላችሁ። ኩባንያው ለታክስ ያስገመተው ዋጋ፣ 409ኤ የሚሉት፣ 9 ዶላር ቢሆን በወረቀት 160,000 ዶላር አትርፋችኋል። ኦፕሽን በታክስ በኩል ሁለት ዓይነት ነው። ኤንኤስኦ የሚሉት ተራው ከሆነ ይህ ትርፍ እንደ ደመወዝ ይቆጠርና ኩባንያው ታክሱን እዚያው ይጠይቃችኋል። አይኤስኦ የሚሉት፣ ልዩ የታክስ አያያዝ ያለው ከሆነ በመደበኛው ታክስ አይነካም፤ ኤኤምቲ በሚባለው ሁለተኛ ስሌት ግን ይገባል፤ ምጣኔው 26 እና 28 በመቶ ነው። እንደ ገቢያችሁ በአሥር ሺዎች ዶላር ሊመጣባችሁ ይችላል። ኤፕሪል ሲደርስ የታክስ መሥሪያ ቤቱ አይአርኤስ ጥሬ ገንዘብ ይጠይቃል፤ እጃችሁ ላይ ያለው ደግሞ ገዢ የሌለው አክሲዮን ነው።

እ.ኤ.አ. በ2000 የዶትኮም ገበያ ሲወድቅ ብዙ ሠራተኛ የተቀጠቀጠው በዚሁ ነው። አክሲዮኑ ዋጋ አጣ፣ ታክሱ ግን አልቀረም። ኮንግረስ ያንን ያልተከፈለ ዕዳ የሰረዘው በ2008 ነው፤ እስከዚያ ስንቱ ቤተሰብ ተንገላታ። ኪሳራውን ከደመወዝ ላይ አቀናንሳለሁ እንዳትሉ ደግሞ የሚፈቀደው በዓመት 3,000 ዶላር ብቻ ነው።

እኔን ከሁሉ የሚያናድደኝ ሌላ ነው። «ኩባንያው በ90 ሚሊዮን ተሸጠ» ሲባል ሠራተኛው ድርሻውን በልቡ ማስላት ይጀምራል። ባለሀብቶቹ 100 ሚሊዮን አስገብተው ቅድሚያ የማግኘት መብት ካላቸው ግን ዘጠናውን እነሱ ይወስዱታል፤ ተራ አክሲዮን የያዘው ሠራተኛ ምንም አያገኝም። ይህ ውል ውስጥ ያለ፣ ሕጋዊ ነገር ነው። ግን ስትቀጠሩ ማን አስረዳችሁ?

ስለዚህ ከመክፈላችሁ በፊት በኢሜይል ጠይቁ፤ መልሱ በጽሑፍ ይኑራችሁ። ኩባንያው በጠቅላላ ስንት አክሲዮን አለው? የመጨረሻው 409ኤ ስንት ነው፣ መቼ ተሠራ? ባለሀብቶች ቀድመው የሚወስዱት ገንዘብ ስንት ደርሷል? «ሚስጥር ነው» ካሏችሁ፣ ዋጋውን የማታውቁትን ዕቃ ግዙ እያሏችሁ ነው።

የ90 ቀኑ ጊዜም ይራዘምልኝ በሉ። ፒንተረስትን የመሰሉ ኩባንያዎች ወደ ዓመታት ያራዘሙበት ጊዜ አለ። ከሦስት ወር ሲያልፍ አይኤስኦው በሕግ ወደ ኤንኤስኦ እንደሚለወጥ ግን እወቁ። ሁሉንም መግዛትም ግዴታ አይደለም፤ ቢጠፋ የማይጎዳችሁን ያህል ብቻ መግዛት ይቻላል። ታክስ ሠሪያችሁ ኤኤምቲውን አስቀድሞ ያስላላችሁ። ቀኑ የሚቆጠረውም ባብዛኛው ሥራ ካቆማችሁበት ዕለት ጀምሮ ነው፤ የስንብት ክፍያ እየገባልኝ ነው ብላችሁ እንዳትዘናጉ፣ ውሉን ዛሬውኑ አውጥታችሁ እዩት።